በ4ኤክስ የጻፍናቸው 200 ሲዲዎች

ነገሩ ካለፈ ዓመታት ተቆጥረዋል፤ ሳስበው ግን አሁንም ያንገበግበኛል።

የድምፅ ትምህርቶችን በሲዲ እያባዛ የሚያስረክብ ክፍል ውስጥ እሠራ ነበር። አለቃችንን ሁላችንም ጋሼ ነበር የምንላቸው። ሥራውን በካሴት ዘመን የጀመሩ፣ እጅግ ጠንቃቃ ሰው ናቸው። አንድ የማይሻር ሕግ ነበራቸው፦ ምንም ይሁን ምን፣ ሲዲ የሚጻፈው በ4ኤክስ፣ ማለትም ከተለመደው የማጫወቻ ፍጥነት በአራት እጥፍ ብቻ ነው። ለዚሁ ሲሉ ከ8ኤክስ በላይ የማይሄድ አሮጌ ራይተር (የሲዲ መጻፊያ መሣሪያ) እንደ ዓይናቸው ብሌን ይጠብቁ ነበር። አጠገቡ አዲስ ባለ 52 ራይተር ተቀምጦ አብዛኛውን ጊዜ አቧራ ይጠጣል።

200 ቅጂ ታዘዝን። አንዱ ከመነሻና መዝጊያው ጋር 20 ደቂቃ ይፈጃል፤ ሁሉም ከ66 ሰዓት በላይ ማለት ነው። ባዶ ሲዲዎቹ አዲስ የመጡ፣ ላያቸው ላይ 52ኤክስ የሚል የታተመባቸው ነበሩ። እየተቀያየርን ጻፍንና አስረከብን። ብዙም ሳይቆይ አርባ ያህሉ ተመለሱ። ቅሬታው ተመሳሳይ ነው፤ መጀመሪያው ጥሩ ይሄዳል፣ 50ኛው ደቂቃ አካባቢ ሲደርስ መዝለል ይጀምራል። በኮምፒውተር የሞከሩት ደግሞ ድራይቩ እየጮኸ ፍጥነቱን ይጨምርና መልሶ ይቀንሳል፣ እንደገና ይሞክራል፣ ኮፒው አያልቅም አሉ።

ጋሼ አንዱን ሲዲ አንስተው ጣታቸውን 52 የሚለው ላይ አሳረፉ።

«ይኸው! ችግሩ እዚሁ ተጽፏል። የሰዎቹ ማጫወቻ አሮጌ ነው። 52 ማንበብ ከየት ያመጣል?»

«ጋሼ፣ ይኼ ቁጥር የመጻፊያ ጣሪያ ነው እንጂ የማንበቢያ አይደለም። ማጫወቻ የትኛውንም የድምፅ ሲዲ የሚያነበው በ1ኤክስ ነው። ላዩ ላይ የታተመውን አያውቀውም።»

«እና ለምን ይዘላል?»

«በዚህ ራይተር በ4 ስለጻፍነው ይመስለኛል።»

ክፍሉ ጸጥ አለ። ጋሼ መነጽራቸውን አወለቁ። «ልጄ፣ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ሲባል አልሰማህም? ዝግታ ማንን ጎድቶ ያውቃል? አንተ ሥራው ቶሎ አልቆልህ ለመሄድ ነው።»

ያቺ የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ናት እስከ ዛሬ የምትቆረቁረኝ። ስለ ዲስኩ ቢሳሳቱ ምንም አልነበረም፤ ብዙ ሰው ይሳሳታል። እኔ ግን ሦስት ሌሊት ራይተሩ አጠገብ ያደርኩ ሰው ነኝ። መልስ አላጣሁም፤ ድምፄ እንዳይንቀጠቀጥ ብዬ ዝም አልኩ።

ማታ ሁሉም ሲሄድ ከተመለሱት አንዱን ከመብራቱ ሥር ገልበጥ አድርጌ አየሁት። የተጻፈው ክፍል ካልተጻፈው ጠቆር ብሎ እንደ ቀለበት ይለያል። ጭረት የለበትም፣ የጣት አሻራም የለበትም። ዓይን የሚያየው ጥፋት አልነበረም።

ጥፋቱ ያለው ቀለሙ ውስጥ ነው። የሚጻፍ ሲዲ በፕላስቲኩና በሚያንጸባርቀው ብረት መካከል ስስ የቀለም ንጣፍ አለው፤ ሌዘሩ ያንን እያሞቀ ምልክት ይተውበታል። ምልክቶቹ ዘጠኝ ዓይነት ርዝመት አላቸው፣ ከ3 አሃድ እስከ 11 አሃድ። አንባቢው መረጃውን የሚያገኘው ምልክቱ የት ጀምሮ የት እንዳለቀ በመለካት ነው። ለ52ኤክስ የተሠራ ቀለም በጣም አጭር፣ በጣም ጠንካራ ምት እንዲቀበል የተቀመመ ነው። በዝግታ ረዘም ላለ ጊዜ ሲሞቅ ሙቀቱ ወደ ጎን ሊፈስና የምልክቱን ጠርዝ ሊያዛባው ይችላል፤ ያኔ አንባቢው 3ቱን ከ4 መለየት ያቅተዋል። ጥሩ ራይተር ይህን ያውቃል፤ ባዶው ዲስክ ቦይ ውስጥ የአምራቹ መለያ አስቀድሞ ተቀርጿል፣ ራይተሩም መለያውን አንብቦ ለዚያ ዲስክ የሚስማማውን የአጻጻፍ ስልት ከፈርምዌሩ፣ ማለትም ውስጡ ከተጫነው ፕሮግራም፣ ያወጣል። የእኛ አሮጌ ራይተር ግን እነዚህ ዲስኮች ሳይፈጠሩ የተሠራ ነው። ስለማያውቃቸው በግምት ነበር የሚጽፈው።

እንግዲህ ይህ ግምቴ ነበር። ማረጋገጥ ነበረብኝና ከዚያው ሳጥን ሦስት ባዶ አወጣሁ። አንዱን በአሮጌው በ4፣ አንዱን በአዲሱ በ16፣ አንዱን በአዲሱ በ52 ጻፍኩና ስሕተት በሚቆጥር ፕሮግራም አስፈተሽኳቸው። የሲዲ ደንብ በሰከንድ እስከ 220 የሚደርስ የመጀመሪያ ደረጃ ስሕተት ይፈቅዳል፤ እስከዚያ ያለውን አንባቢው ራሱ ያርመዋል። በ4 የተጻፈው ገና ከመሃሉ ከፍ ብሎ ጀመረና ወደ ጠርዙ ሲቃረብ ከወሰኑ አለፈ። በ16 የተጻፈው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ዝቅ ያለ መስመር ነበር። ስክሪኑን እያየሁ ብቻዬን አጨበጨብኩ።

ሦስተኛው ግን አፌን አስያዘኝ። እኔ በልቤ «ዲስኩም ራይተሩም 52 ካሉ በ52 ይጻፍ» የምል ነበርኩ። በ52 የተጻፈው እስከ መካከሉ ንጹሕ ሆኖ ጠርዙ አካባቢ ስሕተቱ እየበዛ ወጣ። 52 የሚደረሰው ጠርዙ ላይ ብቻ ነው፤ ዲስኩ በደቂቃ ከ10,000 ዙር በላይ ስለሚሽከረከር ውስጠኛው ክፍል የሚጻፈው በ22 ገደማ ነው። በዚያ ሽክርክሪት ትንሽ የክብደት መዛባት ሌዘሩን ያንገላታዋል። ትርፉስ? በ16 አንድ ሙሉ ሲዲ 5 ደቂቃ፣ በ52 ደግሞ 3 ደቂቃ ያህል። ለሁለት ደቂቃ ብሎ ጠርዙን ማበላሸት! የጋሼ ጥርጣሬ ግማሽ እውነት እንደነበረው ያን ሌሊት ገባኝ።

ጠዋት የሦስቱን የስሕተት መስመር ሥዕል አትሜ ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጥኩ። ለረጅም ጊዜ አዩት። «አሮጌው ራይተር ደክሟል ማለት ነው» አሉ፤ ሌላ ቃል አልተነፈሱም። እነዚያን 200 ሲዲዎች በ16 እንደገና ጻፍናቸው፤ አንድም አልተመለሰም። ከራይተሩ በላይ ግድግዳው ላይም በእጃቸው የተጻፈ ወረቀት ተለጠፈ፦ «ሁሉም በ16 ብቻ ይጻፍ»። ለበላይ አለቆች በቀረበው ሪፖርት ላይ «በክፍሉ ኃላፊ በተደረገ ማጣራት» የሚል ነበር።

ከሁለት ዓመት በኋላ ወደ ዲቪዲ ገባን። ጋሼ በዚያን ጊዜ ጡረታ ወጥተዋል። አዲስ የተቀጠረች ልጅ የጻፈቻቸው ዲቪዲዎች ጠርዛቸው ላይ ስሕተት በዛባቸው፤ በስንት እንደምትጽፍ ጠየቅኳት። በጣቷ ግድግዳውን አሳየችኝ። የሲዲ 1ኤክስ በሰከንድ 150 ኪሎባይት ነው፣ የዲቪዲው ደግሞ 1,385፤ ዘጠኝ እጥፍ ያህል ነው። የሲዲው 16 እርጋታ ነበር፣ የዲቪዲው 16 የዲስኩ ጣሪያ። ልጅቷ ምንም አላጠፋችም፤ የተጻፈውን ነው የፈጸመችው።

ወረቀቱን ነቀልኩት። አጠገቧ ተቀምጬ ሦስት ባዶ ዲቪዲ አወጣሁና በ4፣ በ8፣ በ16 እንድትጽፍ ሰጠኋት።