ምች መታት ያልናት ልጄ

ልጄ ያኔ አንድ ዓመት ከስምንት ወሯ ነበር። ማክሰኞ ማታ ሰውነቷ ጋለ። ጥርስ ልታወጣ ነው ብዬ ፓራሲታሞል ሰጥቼ አስተኛኋት። ረቡዕ ጡት ይዛ ወዲያው እየጮኸች ለቀቀች። ሐሙስ ለሃጯ እንደ ክር እየተሳበ አንገቷን አራሰው። አፏን በስልኬ መብራት አየሁት። ድዷ ቀልቶ ጥርሷን እስኪሸፍን አብጧል። ምላሷና የከንፈሯ ውስጥ ዙሪያቸው የቀላ ነጫጭ ቁስሎች ነበሩበት። ትንፋሿ ይሸታል።

እማዬ አየቻትና «ምች ነው» አለች። «ሽንኩርት ስታቁላዪ ቆይተሽ ፀሐይ ላይ ይዘሻት ወጣሽ አይደል?» ወጥቻለሁ። ደሴ ላይ፣ ያ የጦሳ ብርድ ካለፈ በኋላ ፀሐይ ስትገኝ ልጁን ይዞ የማይወጣ ማን አለ? ዳማከሴ ከጓሮ ቀጥፋ በመዳፏ አሸችና ግንባሯን ቀባቻት። እሱን አልተቃወምኩም። አንዲት ጎረቤታችን ግን «እንጥሏ ወርዶ ነው፣ ሳይብስባት አስቆርጫት» አለችኝ። እምቢ አልኩ። እባካችሁ እናንተም እምቢ በሉ። በምላጭ የተነካ የልጅ ጉሮሮ ደም ያፈሳል፣ ይመረቅዛል። ልጅ ሊሞትበትም ይችላል።

አርብ የወሰድኳት ቦታ «ቶንሲል ነው» ብለው አንቲባዮቲክ ሰጡኝ። አልተሻላትም። እሁድ ሌላ ቦታ፣ የሕፃናት ሐኪም ዘንድ ሄድን። ዶክተሩ አፏን እንዳየ የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። «ቤት ውስጥ ከንፈሩ የቆሰለ ሰው ነበር?»

እማዬ ነጠላዋን ወደ አፏ ሳብ አደረገች።

እማዬ ሰኞ ሰኞ ባቲ ገበያ ትወርዳለች። ያ የቆላ ፀሐይ ሲመታት ሁለት ቀን ሳይቆይ ከንፈሯ ጠርዝ ላይ ውሃ የቋጠሩ ትናንሽ እብጠቶች ይወጣሉ። ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ካለፈው ጊዜ የቀረው ምልክት ገና ቀይ ነበር።

ካርዱ ላይ «ሄርፒስ» ብሎ ጻፈ። ዶክተሩን ለመጠየቅ አፈርኩና ማታ ቃሉን ጎግል አደረግኩት። የመጣው ሁሉ የአባላዘር በሽታ ነው። ባለቤቴ ስልኩን ተቀብሎኝ አየና ዝም አለ። እኔም ዝም አልኩ። በትዳር በቆየንበት ጊዜ ሁሉ እንደዚያ ሌሊት ፊታችንን አዙረን ተኝተን አናውቅም።

ጠዋት ከእማዬ ጋር አብረን ተመለስን። ዶክተሩ ፊታችንን ሲያይ ገባው መሰለኝ፣ «አብሽሩ፣ ተቀመጡ» አለን። ሄርፒስ ሲምፕሌክስ ሁለት ዓይነት ነው። ሁለተኛው በአብዛኛው በግብረ ሥጋ ይተላለፋል። አንደኛው፣ የልጄ፣ ብዙ ሰው በልጅነቱ የሚይዘው የምራቅና የመሳም ቫይረስ ነው። በዓለም ጤና ድርጅት ግምት ከ50 ዓመት በታች ካለው የዓለም ሕዝብ 64 በመቶው ይህ ቫይረስ አለበት። ብዙዎቹ እንዳለባቸውም አያውቁም። ቁስል በሌለበት ጊዜም ስለሚተላለፍ ከማን እንደመጣ በእርግጠኝነት መናገር አይቻልም። ይህቺን ሲል እማዬን እያየ ነበር። እስከ ዛሬ አመሰግነዋለሁ።

አንዴ ከገባ አይወጣም። በነርቭ በኩል ወደ ውስጥ ሄዶ ተደብቆ ይተኛል። ፀሐይ፣ ትኩሳት፣ ድካም፣ ጭንቀት ይቀሰቅሰዋል። እማዬ ይህን ስትሰማ «ታዲያ ፀሐይ ነው አላልኩም?» አለች። አባባሏ ግማሽ እውነት አለው። ፀሐይ ታስነሳዋለች እንጂ አታመጣውም። ሽንኩርቱ ግን የለበትም።

አሳይክሎቪር የሚባለው የዚህ ቫይረስ መድኃኒት ሽሮፕ በደንብ የሚጠቅመው በመጀመሪያዎቹ 3 ቀናት ሲጀመር ነው። እኛ ዘግይተናል። ስለዚህ ሥራችን ውሃ ሆነ። እንዲህ አፉ የቆሰለ ልጅ ሆስፒታል የሚገባው ብዙ ጊዜ ቁስሉ ከብዶ ሳይሆን አልጠጣም ብሎ የሰውነቱ ውሃ ስለሚያልቅ ነው። በክብደቷ ልክ የተለካውን ፓራሲታሞል እሰጥና ግማሽ ሰዓት እጠብቃለሁ። ከዚያ ቀዝቀዝ ያለ ወተት፣ የበረደ አጥሚት፣ ወይም ኦአርኤስ በሲሪንጅ፣ በጉንጯ በኩል፣ 5 ሚሊ ሊትር ብቻ። ትውጣለች፣ ታለቅሳለች፣ ቆይቼ እደግማለሁ። ብርቱካን የሚባል ነገር አላስጠጋሁም፣ ያቃጥላታል። ግድግዳው ላይ በእርሳስ ሽንቷን እቆጥር ነበር። ስምንት ሰዓት ሙሉ ካልሸናች፣ ስታለቅስ እንባ ካጣች፣ ወይም ከደነዘዘች ሌሊትም ቢሆን እንድናመጣት ተነግሮናል። ዓይኗ ከቀላም እንዲሁ፣ ያውም ከፋርማሲ የተገዛ ጠብታ ሳንጨምር። አውራ ጣቷን ስለምትጠባ ጣቷም ላይ ወጣባት። እሱም አብሮ ዳነ። በ12ኛው ቀን እንጀራ ከእጄ ነጥቃ በላች።

(አጎቴ ባለፈው ዓመት «አልማዝ ባለጭራ» ወጣበት። በሽታው ከዚሁ ከሄርፒስ ቤተሰብ ነው፣ ቫይረሱ ግን ሌላ ነው። በልጅነቱ ውሃ የሚቋጥር ጉድፍ የያዘው ሰው ነርቭ ውስጥ ተኝቶ የቆየው ነው የሚነሳው። ጉድፉ ይዞት የማያውቅ ልጅ የቁስሉን ፈሳሽ ከነካ ጉድፉ ሊወጣበት ይችላል። ጉድፍ ለወጣበት ልጅ አስፕሪን አይሰጥም።)

እኔ መዋዕለ ሕፃናት ነው የማስተምረው። አንድ ኩባያ ለአራት ልጅ ሲዞር አይቼ ዝም እል ነበር። አሁን ሁሉም የራሱ ኩባያ አለው። እቤትም ከንፈሩ የቆሰለ ሰው አይጎራረስም፣ ልጅ አይስምም። ቁስሉን የነካ እጁን ይታጠባል።

ከሁሉ የከበደኝ ዘንድሮ ነው። ወንዱ ልጄ በተወለደ በ11ኛው ቀን እማዬ ልታየው መጣች፣ ከንፈሯ ላይ አዲስ እብጠት ይዛ። አራስ ልጅን ይህ ቫይረስ ከያዘው እንደ ትልቅ ልጅ አይደለም። ወደ አንጎልና ወደ ጉበት ሊሄድ ይችላል፣ ይገድላል። ከተወለደ ወር ያልሞላው ልጅ ካተኮሰው፣ ጡት እምቢ ካለ ወይም ውሃ የቋጠረ ነገር ከወጣበት ነገ አይባልም፣ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ነው። ይህን ሁሉ እያወቅኩ ግን ለአያት «አትሳሚው» ማለት እንዴት ይቻላል? ገንፎ ይዛ ነው የመጣችው። አፌ ደረቀ።

እሷ ቀደመችኝ። በር ላይ ቆማ ነጠላዋን አፏ ላይ አጠፈች። «እጄን የምታጠብበት ውሃ አምጪልኝ» አለች። ታጠበች። አልጋው አጠገብ ተቀመጠችና ከብርድ ልብሱ የወጣችውን እግሩን ብቻ ያዘች። «አያትህ ትታገሣለች» አለችው።

ቅርፊቱ ወድቆ ከንፈሯ እስኪጠራ 10 ቀን ፈጀ። በየቀኑ መስታወት ታያለች። በ11ኛው ቀን ጠዋት ልጁን ከእጄ ተቀብላ ወደ መስኮቱ ይዛው ሄደችና አናቱን ሳመችው።