የስኳር አደይ አበባ

ዛሬ ከማለዳ ጀምሮ ለገጣፎ በሚገኘው ቤቴ፣ ለእንቁጣጣሽ ኬክ የሠራኋቸውን የስኳር አደይ አበቦች ቀለም ስቀባ ዋልኩ። ሊጡን ሳቦካ ቢጫ የጄል ቀለም ስለ ጨመርኩበት ሥራው ያለቀ መስሎኝ ነበር፤ ሲደርቁ ግን ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ቢጫ ሆነው፣ ከፕላስቲክ አበባ የማይለዩ ሆነው አገኘኋቸው።

በመጀመሪያ የዱቄት ቀለም በውኃ በጥብጬ ቀባሁ፤ ይህ ስሕተት ነበር። ውኃ ስኳርን ያሟሟልና የአንዷ አበባ ቅጠል ጫፍ ዓይኔ እያየ ተልፈስፍሶ ቀረ፤ ሦስት ቀን ሙሉ ያደረቅኋት ስለ ነበረች ከልቤ አዘንኩ። ከዚያ በኋላ ዱቄቱን በደረቅና ለስላሳ ብሩሽ፣ ከመሐል ወደ ጫፍ እያሳሳሁ ቀባሁት፤ ትርፉ ቅጠሉ ላይ ነጥብ ሆኖ እንዳይቀርም ብሩሹን በየጊዜው ሶፍት ላይ አራግፍ ነበር። ለመሐሉ ብርቱካናማ ነጠብጣብ ብቻ ቀለሙን በቮድካ በጠበጥኩት፤ አልኮል ከውኃ ይልቅ ፈጥኖ ስለሚተን ስኳሩን ለማሟሟት ጊዜ አያገኝም።

በመጨረሻ እያንዳንዷን አበባ በሽቦዋ ይዤ፣ በሚፈላ ማንቆርቆሪያ እንፋሎት ላይ ለጥቂት ሰከንድ አሳለፍኳት። ዱቄቱ ያዘ፤ ቢጫውም ደመቀ፤ በእኔ ዓይን አደይ የሆኑት ያን ጊዜ ነው። የነሐሴ ዝናብ እርጥበት ስኳሩን እንዳያለሰልሰው አበቦቹን በደረቁ ክፍል አስቀምጫቸዋለሁ።

የመጀመሪያዋን ለእናቴ ስሰጣት፣ ምንም ሳትናገር ወደ አፍንጫዋ አስጠግታ አሸተተቻት።