ፔዳሉ ለጆሮዬ፣ ደረቁ ድምፅ ለቀረጻው

የድምፅ ኢፌክት ፔዳል የገዛሁት ድምፄን እንዲያሳምርልኝ ብዬ ነው። ያሳምራል፤ አይካድም። አሁን ግን ከሁሉ በላይ የምጠቀምበት ለሌላ ነገር ነው፦ እየዘፈንኩ ራሴን ለመስማት። ሰው ሲዘፍን ጆሮው ውስጥ የሚገባው ድምፅ ከጉሮሮው የሚወጣውን ይለውጠዋል። ይህ ከገባኝ ወዲህ የትኛውን ቁልፍ መቼ እንደምረግጥ፣ የትኛውን ጨርሶ እንደማልነካ አውቄያለሁ።

ዕቃውን ለማያውቅ ሰው፣ እግር ሥር የሚቀመጥ ሳጥን ነው። ማይኩ በአንድ በኩል ይገባበታል፣ ድምፁ በሌላ በኩል ወደ ሚክሰር ወይም ድምፅን ወደ ኮምፒውተር ወደሚያስገባው ኦዲዮ ኢንተርፌስ ይወጣል። በመሃል ኮምፕሬሰር (የድምፅን ከፍና ዝቅ የሚያጠብ)፣ ሪቨርብ (እንደ አዳራሽ የሚያስተጋባ)፣ ዲሌይ (ድምፁን ዘግይቶ የሚደግም)፣ የፒች ማለትም የኖታ ከፍታ ማስተካከያና ሃርሞኒ (እንደ ተቀባይ ሌላ ድምፅ የሚጨምር) አለ። እየዘፈናችሁ በእግራችሁ ታበሩታላችሁ፣ ታጠፉታላችሁ። ቦስና ቲሲ ሄሊኮን በዚህ ሥራ የታወቁ ናቸው።

«የጊታር ፔዳል አለኝ፣ ማይኩን እሱ ላይ ብሰካውስ?» የሚል አይጠፋም። ድምፅ መውጣቱ አይቀርም፤ ግን የሳሳ፣ «ሽሽሽ» የበዛበት ድምፅ ነው። ከማይክ የሚወጣው ሲግናል ከጊታር ከሚወጣው በጣም ደካማ ስለሆነ መጀመሪያ ፕሪአምፕ የሚባል ማጉያ ሊያጎላው ይገባል። የድምፅ ፔዳል ውስጥ ይህ አለ፤ ብዙዎቹ ያለ ኤሌክትሪክ ለማይሠራው ኮንደንሰር ማይክ የሚያስፈልገውን 48 ቮልት ፋንተም ፓወርም ይሰጣሉ። የጊታሩ ሁለቱም የሉትም።

ጌይን፣ ማለትም የማይኩ ድምፅ የሚጎላበትን መጠን፣ ማስተካከል አሰልቺ ነው፤ ግን እሱ ከተበላሸ ከኋላው ያለው ሁሉ ይበላሻል። ብዙ ሰው «ቴስት፣ አንድ፣ ሁለት» ብሎ በለሆሳስ ያስተካክላል፤ ከዚያ አዝማቹ ላይ ሲደርስ ድምፁ ይቀደዳል። እኔ የዘፈኑን ከፍተኛ ቦታ በሙሉ አቅሜ እየዘፈንኩ ነው ጌይኑን የምቆርጠው። የፔዳሉ ቀይ መብራት እንዳይበራ አያለሁ። ከዚያ ኮምፒውተሩ ላይ ከፍተኛው ጫፍ ከዜሮ (ድምፁ ከሚቀደድበት ጣሪያ) በታች ከ12 እስከ 6 ዴሲቤል መካከል እንዲውል አደርጋለሁ። በ24 ቢት እስከቀረጻችሁ ድረስ ከዚያ በላይ መጠጋቱ ምንም አይጨምርም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ወደ ሪቨርብ።

ፔዳሉ እጄ ሲገባ መጀመሪያ ያደረግኩት እንደማንኛውም ሰው ሪቨርቡን እስከ ጥግ መክፈት ነበር። ትልቅ አዳራሽ ውስጥ የቆምኩ መሰለኝ፤ ደስ ይላል። ቀረጻውን ደግሜ ስሰማ ግን የስንኞቼ መጨረሻ ተቆርጦ አገኘሁት። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ሪቨርቡ ጭራውን ስለሚያስረዝምልኝ እኔ ኖታውን እስከ መጨረሻው መያዝ ትቻለሁ። ትንፋሼም ቀድሞ ያልቃል፣ ማንም ስለማይጠይቀኝ። ሪቨርቡን ጨርሼ ስዘጋው ደግሞ ተቃራኒው መጣ። ደረቅ፣ ማለትም ኢፌክት የሌለበት ድምፅ ሄድፎን ውስጥ ራቁቱን ሲሰማኝ እፈራለሁ፤ ከፍርሃቱ የተነሳ ጉሮሮዬን እጫናለሁ፣ ከፍ ያሉት ኖታዎች ይጠነክሩብኛል።

ስለዚህ ለጆሮዬ የምሰጠው ልክ በሁለቱ መካከል ነው። አጭር ሪቨርብ፣ ከአንድ ሰከንድ ተኩል የማይበልጥ። ፕሪዲሌይ የሚባለው፣ ማለትም ሪቨርቡ ከመጀመሩ በፊት ያለው ክፍተት፣ ከ20 እስከ 40 ሚሊ ሰከንድ። ይህች ክፍተት ቃላቱ ቀድመው ጥርት ብለው እንዲወጡ ታደርጋለች። መጠኑን የማውቀው እንዲህ ነው፦ እየዘፈንኩ ሪቨርቡን ካስተዋልኩት በዝቷል፤ ሲጠፋ ብቻ ከናፈቀኝ ልክ ነው።

ግን ይህ ሁሉ ለጆሮ ነው፤ ፋይሉ ውስጥ እንዲገባ አልፈልግም። ከድምፅ ጋር አብሮ የተቀረጸ ሪቨርብ በኋላ አይወጣም። ከወጥ ላይ ጨው እንደመልቀም ነው። በሌሊት ብቻዬን ስዘፍን ጣፋጭ የነበረው መጠን በማግስቱ ከበሮና ቤዝ ሲገቡበት ጭቃ ይሆናል። ከደረቅ ድምፅ ግን የፈለጋችሁትን መሥራት ትችላላችሁ።

እንዴት ነው ታዲያ ኢፌክቱን እየሰማሁ ደረቁን የምቀርጸው? ማይኩን በቀጥታ ኢንተርፌሱ መግቢያ አንድ ላይ እሰካለሁ። እዚያ የሚቀረጸው ደረቁ ነው። ከኢንተርፌሱ ትርፍ መውጫ ያንኑ ድምፅ ወደ ፔዳሉ እልካለሁ፤ ፔዳሉ የሠራው ተመልሶ በመግቢያ ሁለት ይገባል። ሄድፎን ውስጥ ሁለተኛውን እሰማለሁ። ሁለቱም በየራሳቸው ትራክ ይቀረጻሉ፤ ስለዚህ የፔዳሉ ድምፅ ከወደድኩት እዚያው አለ።

እዚህ ላይ ሁለት ጥንቃቄዎች አሉ። አንደኛ፣ ከኢንተርፌስ የሚወጣው ላይን ሌቭል የሚባል ጠንካራ ሲግናል ነው፤ የፔዳሉ መግቢያ ደግሞ የሚጠብቀው ደካማውን የማይክ ሲግናል ነው። መውጫውን በጣም ዝቅ አድርጋችሁ ካልጀመራችሁ ከመጀመሪያዋ ቃል ጀምሮ ይቀደዳል። ሁለተኛ፣ የፔዳሉን ፋንተም ፓወር አጥፉ። 48 ቮልት ወደ ኢንተርፌሱ መውጫ ተመልሶ እንዲሄድ አንፈልግም። ዩኤስቢ ያለው ፔዳል ከሆነ ይህ ሁሉ ሽቦ ላያስፈልግ ይችላል፤ አንዳንዱ ደረቁንና የተሠራውን ለየብቻ ወደ ኮምፒውተር ይልካል። ከመግዛት በፊት መመሪያውን አውርዶ ማንበብ የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

ሰው «ኮምፒውተሩ ውስጥ ነጻ ሪቨርብ ሞልቷል፣ ፔዳሉ ምን ያደርጋል?» ይለኛል። ጥያቄው ትክክል ነው፤ መልሱ ሌተንሲ፣ ማለትም ድምፁ ገብቶ እስኪወጣ የሚዘገየው ጊዜ፣ ነው። በ48 ኪሎ ኸርትዝ፣ ማለትም በሰከንድ 48,000 ናሙና (ሳምፕል)፣ በ256 ሳምፕል በፈር (ኮምፒውተሩ ከመሥራቱ በፊት የሚያጠራቅመው ልክ) ስትሠሩ፣ በፈሩ ብቻውን ለመግባት ከ5 ሚሊ ሰከንድ በላይ፣ ለመውጣትም ሌላ ያን ያህል ይወስዳል። ድምፁን ወደ ቁጥር፣ ቁጥሩንም መልሰው ወደ ድምፅ የሚለውጡትን መቀየሪያዎች ጊዜ ስትጨምሩበት ከ10 ያልፋል። ድምፅ በአየር ውስጥ አንድ ሜትር ለመሄድ 3 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ነው የሚፈጅበት፤ ማለትም ድምፄን ከሦስት ሜትር ርቀት የምሰማው ያህል ነው። ጊታር ተጫዋች ይህን ሊችለው ይችላል። ዘፋኝ ግን የራሱን ድምፅ በአጥንቱም ይሰማል፤ በአጥንት የሚመጣው ወዲያው ነው፣ በሄድፎን የሚመጣው ዘግይቶ። ሁለቱ ሲደራረቡ አንዳንድ ፍሪኩዌንሲዎች ይጠፋፋሉ፤ ድምፁ ቧንቧ ውስጥ የገባ ይመስላል። ፔዳሉ ኮምፒውተሩን ስለማይጠብቅ ይህን ጣጣ ያስቀርልኛል። ታዲያ ወደ ፔዳሉ የምልከውን ድምፅም ከኢንተርፌሱ የራሱ ሚክሰር ነው የማወጣው። በሶፍትዌሩ አዙሬ ብልከው ያው ሌተንሲ ተመልሶ ይመጣል።

ኮምፕሬሰርም ባህርይ ይለውጣል። ሥራው የጮኸውን ተጭኖ ልዩነቱን ማጥበብ ነው፤ ሬሾው 3 ለ 1 ከሆነ ከገደቡ በ3 ዴሲቤል ያለፈው በ1 ብቻ አልፎ ይወጣል። በልኩ ሲሆን ያረጋጋል። ሲበዛ ግን ብጮህም ባንሾካሹክም ጆሮዬ ላይ ያው ስለሆነ፣ ዘፈኑን ከፍና ዝቅ ማድረጉን እተወዋለሁ። ዝም ስል ደግሞ የኮምፒውተሩን ማራገቢያ ጎትቶ ያመጣዋል። ቀላል መጠን ይበቃኛል።

ፒች ማስተካከያው ላይ አቋሜ የከረረ ነው፦ ስቀርጽ አጠፋዋለሁ። እ.ኤ.አ. በ1997 ለገበያ የወጣውን ኦቶቱን የተባለ የፒች ማስተካከያ የሠራው አንዲ ሂልደብራንድ ቀድሞ ለነዳጅ ፍለጋ የመሬት ውስጥ ሞገዶችን ሲተነትን የነበረ ሰው ነው፤ እስካሁን ይገርመኛል። ቴክኖሎጂውን አልንቅም። ችግሩ ሄድፎኑ ውስጥ ነው። እኔ ትንሽ ዝቅ ብዬ ስዘፍን ፔዳሉ አስተካክሎ ያሰማኛል፤ አጥንቴ ግን እውነቱን ይነግረኛል። ሁለቱ ሲጣሉ ማንን እንደምከተል አላውቅም፣ ፒቼም የባሰ ይንሸራተታል። ደግሞ በኖታዎች መካከል የምትንሸራተተውን፣ የምትርገበገበውን ድምፅ እየቆራረጠ ደረጃ ያደርጋታል። ዘፈኑ በቅላጼ የተሞላ ከሆነ ዋናው ነገሩ ሄደ ማለት ነው። መስተካከል ካለበት በኋላ፣ የተሳሳተችዋን ቃል ብቻ ለይቼ አስተካክላለሁ።

ሃርሞኒው ከሁሉ በላይ የጠበቅኩት፣ ከሁሉ በላይ ያደከመኝም ነው። ፔዳሉ ኪይና ስኬል (መነሻ ኖታውንና የኖታዎቹን ስብስብ) ይጠይቃችኋል፤ ወይም ጊታር ሰክታችሁ ከኮርዱ እንዲረዳ ታደርጋላችሁ። እኔ አብዛኛውን ጊዜ የምዘፍነው ባለ አምስት ኖታ ቅኝት ነው፤ ፔዳሉ ደግሞ የሚያስበው በሰባት ኖታ ሜጀርና ማይነር ነው። ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ብቻ ያለበት ዜማ ውሰዱ። ፔዳሉን «ዶ ሜጀር፣ ሦስተኛ ከላይ» (የምትዘፍኗትን ጨምሮ ሲቆጠር ሦስተኛዋ ኖታ) ብትሉት ሬ ስትዘፍኑ ፋ ይሰጣችኋል፣ ሶል ስትዘፍኑ ሲ። ሁለቱም ዜማው ውስጥ የሌሉ ናቸው። ተቀባዩ ሌላ ዘፈን የያዘ ይመስላል።

ወረቀት አውጥቼ ሌሎቹን ርቀቶች አየኋቸው። ስድስተኛም ሁለት ባዕድ ኖታ ያመጣል። አራተኛ ከላይ አንድ ብቻ ነው፤ ግን የሚመጣው ዶ ላይ ነው፣ ዜማው ሁልጊዜ የሚያርፍበት ቦታ። አራተኛ ከታች ግን አንድ ብቻ፣ ሚ ላይ ሲ ይሰጣል፤ ሌሎቹ አራቱ ሁሉ ቅኝቱ ውስጥ ይወድቃሉ። ስለዚህ አራተኛ ከታችን መርጬ፣ ዜማው ሚ ላይ ሲቆም በእግሬ አጠፋዋለሁ። ራሳችሁ ስኬል የምትሠሩበት ፔዳል ካገኛችሁ ደግሞ ነገሩ ይቀላል። ለቀረጻ ግን ተቀባዩን ራሴ ብዘፍን ይሻለኛል፤ ፔዳሉ የሚሰጠኝን እንደ ረቂቅ ሰምቼ እማርበታለሁ።

ድምፅ የሚያጥፈው፣ ማለትም አንዱን ድምፅ ሁለቴ የተዘፈነ የሚያስመስለው ኢፌክትም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1966 በለንደኑ የኢኤምአይ ስቱዲዮ ኬን ታውንሰንድ የተባለው መሐንዲስ ይህን ዘዴ በቴፕ የሠራው፣ ቢትልሶች አንዱን ዘፈን ሁለቴ መዝፈን ስለሰለቻቸው ነው። ቤት ውስጥ ግን ሰዓት የሚቆጥርብኝ የለም፤ ሁለቴ እዘፍነዋለሁ። ከፔዳሉ የሚወጣው ድምፅ ብዙውን ጊዜ በእኩል ስለሚዘገይ ጆሮ ይነቃበታል። መድረክ ላይ ሁለቴ መዝፈን ስለማይቻል ያኔ ይጠቅማል።

ዲሌይ ላይ ብዙ አልልም። የዘፈኑን ፍጥነት አውቃችሁ 60,000ን ለእሱ አካፍሉ፤ በደቂቃ 120 ምት ከሆነ 500 ሚሊ ሰከንድ፣ 80 ከሆነ 750። ወይም የታፕ ቁልፉን በምቱ ርገጡ፣ ያው ነው።

ሰው ፊት ስዘፍን ሁሉንም እቀንሳለሁ። አዳራሹ የራሱ ሪቨርብ አለው፤ ላዩ ላይ ስጨምርበት ግጥሙ ይሰምጣል። ኮምፕሬሰሩ ደግሞ የደከመውን ድምፅ ስለሚያጎላ ማይኩ ስፒከሩን ሰምቶ እንዲጮህ ያግዘዋል። በዘፈኖች መካከል ሳወራ ኢፌክቱን ማጥፋት ልማድ አድርጌዋለሁ፤ «እንደምን አመሻችሁ» በረጅም ዲሌይ ሲደጋገም አያምርም። ፔዳሉ «ሁም» የሚል የኤሌክትሪክ ጉምጉምታ ካሰማ ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የመሬት ሽቦ ዙር ነው፤ ግራውንድ ሊፍት የሚል ማብሪያ ካለ እሱን ሞክሩ። አዳፕተሩንም ፔዳሉ የሚፈልገውን ቮልት፣ ሚሊ አምፔርና ፖላሪቲ ሳታዩ አትቀይሩ።

አንድ ዘፈን ተቀርጾ ካለቀ በኋላ ፔዳሉን እንደገና አወጣዋለሁ። ደረቁን ትራክ በዚያው ሽቦ መልሼ በፔዳሉ ውስጥ አሳልፈዋለሁ። አሁን እየዘፈንኩ ስላልሆነ እጄ ነጻ ነው፤ ሙዚቃው ሁሉ እየሄደ ሪቨርቡን አዝማቹ ላይ ከፍ፣ ስንኙ ላይ ዝቅ አደርጋለሁ። ሲመለስ በሌተንሲው ምክንያት ትንሽ ይዘገያል፤ የሁለቱን ትራኮች ሞገድ አጉልቼ አያለሁ፣ የመጀመሪያዋን ጠንካራ ፊደል ፈልጌ አዲሱን ወደ ግራ ስቤ አገጥመዋለሁ።