ሽሮው እስኪንተከተክ የሚደርስ ጎመን

ረቡዕና አርብ ቤታችን ጾም ነው። ከሥራ የምገባው ማታ አንድ ሰዓት አካባቢ ነው። ልጆቹ በዚያ ሰዓት ርቧቸው ፍሪጁን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ። ቶሎ ብዬ ሽሮ እጥዳለሁ። ሽሮ ብቻውን ግን ሲደጋገም ይሰለቻል። አጠገቡ አረንጓዴ ነገር ጣል ሲደረግበት ነው ማዕዱ የሚሞላው። ስለዚህ ሽሮው እየተንተከተከ ጎን ለጎን የሚደርስ ጎመን መሥራት ለመድኩ። ቅጠሉ ለጋ ከሆነ ታጥቦ፣ ተከትፎ፣ በስሎ እስኪወጣ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም።

እናቴ ጎመን ስትሠራ ግን ትልቅ ሥራ ነው። መጀመሪያ ቅጠሉን ትቀቅላለች። አውጥታ ታቀዘቅዛለች፣ ትጨምቃለች፣ ትከትፋለች፣ ከዚያ ቁሌት ሠርታ እንደገና ታበስላለች። ይህ አሠራር ያለ ምክንያት አልመጣም። የጓሮ ጎመን ከሥር ከሥሩ እየተቀነጠሰ ወራት ይቆያል። ያረጀ ቅጠል ደግሞ ጠንካራና መራራ ነው፣ ካልተቀቀለ አይበገርም። (እሷማ ጥቂቱን ግንድ ዘር እንዲያወጣ ትተወዋለች፤ ምጣዷን የምታሰሰው በጎመን ዘር ነው።) ለጎመን በሥጋም ቢሆን በደንብ መብሰሉ ይስማማዋል። ለጋ ጎመንን እንዲህ ማንገላታት ግን ትርፉ ድካም ነው። ቫይታሚን ሲ ውኃ ውስጥ የሚሟሟ ነገር ስለሆነ፣ ቀቅለን ጨምቀን ስንደፋ ብዙው አብሮ ወደ ፍሳሽ ይሄዳል።

ጎመን ቶሎ የሚደርሰው በእሳት ብዛት አይደለም። ሰዓቱ የሚተርፈው ከመጣዱ በፊት፣ ሲገዛና ሲከተፍ ነው።

መግዛቱን ያስተማሩኝ ሰፈራችን ጉሊት ላይ የሚሸጡ እናት ናቸው። እኔ ቅጠሉን እያገላበጥኩ ሳይ፣ «ልጄ፣ ቅጠሉን ተይው፤ ግንዱን ስበሪው» አሉኝ። ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ለጋ ነው። ክር እያወጣ ከታጠፈ ግን፣ በእሳቸው አነጋገር፣ «እሱ ለላም ነው»። ሻጭ የራሱን ዕቃ እንዲህ ሲል የሰማሁት እሳቸው ጋ ብቻ ስለሆነ ደንበኛቸው ሆኜ ቀረሁ። ትንሽ የተበሳሳ ቅጠል አያስፈራኝም። ጀርባው ላይ ግራጫ ተባይ ተጣብቆ ካየሁ ግን እተወዋለሁ፣ አጥቦ ማስለቀቅ ፈተና ነው።

እጥበቱ ላይ አልቸኩልም። ሰፊ ሳፋ በውኃ እሞላና ቅጠሉን ነክሬ በእጄ አገላብጠዋለሁ። ከዚያ ቅጠሉን ነው ከውኃው የማወጣው። ውኃውን ከላይ ከደፋሁት፣ ሥር የዘቀጠው አሸዋ ተመልሶ ቅጠሉ ላይ ያርፋል። ሥሩ ላይ ደለል እስከማላይ ድረስ እደግመዋለሁ፣ መጨረሻ ላይ ከቧንቧ ሥር አለቀልቀዋለሁ። እዚህ ጋ አንድ ነገር ልበል። አዲስ አበባ ውስጥ ከሚሸጠው ቅጠላ ቅጠል የተወሰነው የሚለማው በአቃቂ ወንዝ ውኃ ነው፤ ወንዙ ደግሞ የፋብሪካና የቤት ፍሳሽ ይገባበታል። እጥበት የሚያስለቅቀው ላይ ላዩን ያለውን ብቻ ነው፣ ተክሉ ከሥሩ የመጠጠውን አያወጣም። ስለዚህ ከየት እንደመጣ እጠይቃለሁ። እኚያ እናትም ከየት እንዳመጡት ሳይደብቁ ይነግሩኛል።

ቀጥሎ ክትፊያ ነው። ግንዱን በአንድ እጄ ይዤ ቅጠሉን በሌላው ከታች ወደ ላይ ስስበው ተላቆ ይመጣል። ቀጭኑን ግንድ አልጥለውም፣ ደቃቅ አድርጌ ከሽንኩርቱ ጋር ቀድሞ እንዲገባ አደርገዋለሁ። ቅጠሎቹን ደራርቤ እንደ እንጀራ ጥቅልል አጥብቄ እጠቀልላቸውና በተሳለ ቢላዋ የቻልኩትን ያህል አቅጥኜ እከትፋለሁ። ቅጠሉ በቀጠነ ቁጥር እሳት ላይ የሚቆይበት ጊዜ ያጥራል። ቢላዋው ከደነዘ ግን ቅጠሉን ይቀጠቅጠዋል እንጂ አይቆርጠውም፣ መክተፊያው አረንጓዴ ውኃ ይተኛበታል።

ለአራት ሰው ሁለት እስር ጎመን ይበቃኛል። አንድ ትልቅ ቀይ ሽንኩርት፣ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ አራት ፍሬ ነጭ ሽንኩርት፣ ትንሽ ዝንጅብል፣ ሁለት ቃሪያ። ሽንኩርቱን በዘይት አለሰልሳለሁ እንጂ አላቀላውም፤ ከቀላ ጣፋጭነቱ ጎመኑን ይጫነዋል። ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብሉ ሽታቸው ብድግ ሲል ጎመኑን ከነእርጥበቱ እጨምራለሁ። ችስስ ይላል። ድስቱ ይሞላል፣ ክምሩ ከአፉ ያልፋል፣ «ዛሬስ አበዛሁት» ያሰኛል። ከሥር ወደ ላይ እያገላበጥኩ ትንሽ እንደቆየሁ ግን እጥፍጥፍ ብሎ ድስቱ ሥር ይገባል። ጨው ያን ጊዜ ነው። ክምሩን አይቶ ጨው የነሰነሰ ሰው ያንን ሁሉ ጨው ጭብጥ በማታክል ጎመን ላይ ያገኘዋል።

እሳቱ ጠንከር ይላል፣ ክዳን የለም። ቅጠሉ ላይ የቀረው እርጥበት ካልበቃ ግማሽ ሲኒ ውኃ ጠብ አደርጋለሁ። ክዳኑን የምተወው ለቀለሙ ብዬ ነው። ጎመን ሲበስል አሲድ ይለቃል፤ ካልተከደነ ከእንፋሎቱ ጋር ይሄዳል፣ ከተከደነ ግን ተመልሶ ይንጠባጠብበታል። ያ አሲድ ነው ክሎሮፊሉን፣ ማለትም ቅጠሉን አረንጓዴ የሚያደርገውን ቀለም፣ የሚያበላሸውና ጎመኑን ወደ ወይራ ቀለም የሚለውጠው። አረንጓዴ ሆኖ እንዲቆይ ቤኪንግ ሶዳ የሚጨምሩም አሉ። ቀለሙ ያምራል፣ ቅጠሉ ግን ይላሽቃል፣ ቫይታሚኑም ይጎዳል። እኔ አላደርገውም። ከስምንት እስከ አሥር ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ አንድ ክር አውጥቼ እቀምሳለሁ። ጥርስ ላይ ትንሽ ጠንከር ካለ ግን ለማኘክ ካላስቸገረ ደርሷል። እሳቱን አጠፋና ርዝመቱን የተሰነጠቀውን ቃሪያ ጣል አደርግበታለሁ። በድስቱ ትኩሳት ብቻ ለስለስ ይላል፣ ሽታው ግን አይጠፋም።

ሎሚ ማዕድ ላይ ነው፣ ድስት ውስጥ ከገባ ያንኑ የሸሸነውን አሲድ እኛው ጨመርነው ማለት ነው። በዚያ ላይ የሎሚው ቫይታሚን ሲ ሰውነታችን ከጎመኑ የሚያገኘውን ብረት በቀላሉ እንዲወስድ ይረዳል። ቡና ደግሞ ተቃራኒውን ያደርጋል፣ ስለዚህ ከምግቡ ትንሽ ራቅ ብናደርገው ጥሩ ነው። ይህንን ለባለቤቴ መንገር ግን ትርፍ የለውም፣ እንጀራው ሳያልቅ ነው ጀበናዋን የሚያያት። እሱ ጎመን ሲቀርብ፣ «የጎመን ምንቸት ውጣ፣ የገንፎ ምንቸት ግባ» እያለ ይተርታል። ክረምቱን በጎመን ያሳለፉ ሰዎች ዘመን ሲለወጥ የሚሉት ነው፣ እውነት አለው። ችግሩ እሱ ይህን የሚለው ሁለተኛውን ጉርሻ እየጠቀለለ መሆኑ ነው።

የፍስክ ቀን ሲሆን ዘይቱን ቀንሼ መጨረሻ ላይ አንድ ማንኪያ ንጥር ቅቤና ትንሽ ኮረሪማ እጨምራለሁ። ካደረ፣ አይብ ቀላቅዬበት ቁርስ ይሆናል።

ጎመን ባጣሁ ቀን ቆስጣ እገዛለሁ። እሱ ከዚህም ይፈጥናል፣ አራት አምስት ደቂቃ ይበቃዋል። የራሱ ውኃ ስላለው ጠብታ አልጨምርበትም። ቆስጣ ላይ ግን የእናቴ መንገድ የሚያሸንፍበት ጊዜ አለ። ኦክሳሌት የሚባለው፣ ለኩላሊት ጠጠር መነሻ የሚሆን ነገር በብዛት ስላለበት፣ የኩላሊት ጠጠር ለሚያስቸግረው ሰው ቀቀል አድርጎ ውኃውን መድፋት ይሻላል።

አሜሪካ ያለችው እህቴ ይህንኑ በስልክ ነግሬያት ኮላርድ በሚሉት የእነሱ ጎመን ሞከረችው። የእነሱ ቅጠል ወፍራም ስለሆነ በእኔ ደቂቃ አልደረሰላትም። ይበልጥ አቅጥና ከትፋ፣ አንድ ሲኒ ውኃ ጨምራ፣ ሃያ ደቂቃ ገደማ ስታቆየው ሆነላት።

እናቴ ቤቴ የመጣች ቀን ደግሞ ሌላ ነው። አንድ ጊዜ ጎረሰችና፣ «የኔ ልጅ፣ ይሄ እኮ ጥሬ ነው» አለች። አልተከራከርኩም። አሁን ስትመጣ የሷን ድርሻ በትንሽ ድስት ለብቻ አወጣለሁ፣ ውኃ ጨምሬ ከድኜ፣ ቀለሙ እስኪጠቁር እተወዋለሁ። ሽሮው በዚያን ቀን ቆሞ ይጠብቀናል።