«ድሮን ይዘህ ና» ያለኝ ደንበኛ

ደንበኛዬ መጽሔት ያሳትማል። «የዓድዋ ድል መታሰቢያን ከላይ ፎቶ እንድታነሳው ነው የምፈልገው፤ ድሮን ይዘህ ና» ብሎ ደወለልኝ። ማተሚያ ቤት የሚገባበት ቀን ደርሷል።

ድሮን እኛ አገር ከቦርሳ አውጥተው የሚያስነሱት ነገር አይደለም። የኢንሳ (የመረጃ መረብ ደህንነት አስተዳደር) ፈቃድ ይጠይቃል። «ወንድሜ፣ እሱን እርሳው» አልኩት። አኮረፈ።

መሬት ላይ ቆሞ ፎቶ ማንሳቱም ፈተና አለው። በየካቲት 2016 የተመረቀው ሕንጻ ሰፊ ነው፤ ዙሪያው ግን ፒያሳ ነው። ልራቅ ስትል ወይ አጥር ወይ ሚኒባስ ይገጥምሃል። ቀርበህ ካሜራህን ወደ ላይ ካቀናህ ደግሞ ግድግዳው ወደ ኋላ የሚወድቅ ይመስላል። ይህን ሺፍት ሌንስ የሚባል ልዩ ሌንስ ያስተካክለዋል፤ ዋጋው ግን አይነሳ! በኮምፒውተር ማቃናትም ይቻላል፣ ከፎቶው ጠርዝ ግን ይቆረጣል።

መፍትሔው ሰማይ መውጣት ሳይሆን ከሕንጻው ወገብ ትይዩ መቆም ነው። ያኔ ካሜራው ቀጥ ብሎ ያያል፣ ግድግዳውም አይዘምም። ማዶ ያሉትን ፎቆች ሳማትር አንድ ልብስ ስፌት ቤት መስኮቱ ክፍት ነበር። ወጣሁ።

«እትዬ፣ ከመስኮትዎ ፎቶ ላነሳ ነበር።»

«ለመንግሥት ነው?»

«አይ፣ ለመጽሔት ነው።»

«እንግዲያው ቁጭ በል፣ ቡና እየፈላ ነው።»

ቡናው ጠቀመኝ። ቀትር ላይ ፊቱ ሁሉ አንድ ዓይነት የነበረው ሕንጻ፣ ወደ 11 ሰዓት ላይ ፀሐይ ከጎን ስትመታው ጥላ አወጣ፤ የቱ ገባ የቱ ወጣ እንዳለ ተለየ። የምፈልገው ግን ከዚያ በኋላ ያለውን ነው፤ የሰማዩ ሰማያዊነትና የሕንጻው መብራት የሚመጣጠኑበትን። ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን አዲስ አበባ ላይ ቶሎ ይጨልማል፤ ቢበዛ 20 ደቂቃ ያህል ነው የምታገኘው። ትራይፖዴን ቀድሜ ተክዬ ጠበቅኩ።

መጀመሪያ በ1923 ዓ.ም. የተተከለው የምኒልክ ሐውልትም አብሮ ገባልኝ። ከድሮን ቢሆን ነጥብ ነበር የሚሆነው፤ ከመስኮቷ ግን ፈረሱም ሳይቀር ይለያል። አንድ የመብራት ሽቦ መሐል ገብቷል። ተውኩት፤ ፒያሳ ያለ ሽቦ ፒያሳ አይደለም።

ደንበኛዬ ፎቶውን ሽፋን አደረገው። ለድሮን ተብሎ የተያዘውን ብር ግን ከክፍያዬ ላይ ቀነሰ። ስጠይቀው «ታዲያ አላስነሳህማ!» አለኝ።