ዋግን ቀድሜ የምይዝበት መንገድ

ስንዴ የማመርተው አርሲ ውስጥ፣ ከበቆጂ ወጣ ብሎ ነው። ብርዱና ጤዛው ለስንዴው ይስማማዋል፤ ቢጫ ዋግ ለሚባለው የስንዴ በሽታም እንደዚያው። በ2003 ዓ.ም. ቢጫ ዋግ ኩብሳ የተባለውን የስንዴ ዘር ሲጨርሰው ብዙ ገበሬ ዲጋሉ ወደተባለው ዘር ዞረ። ዲጋሉ ቢጫ ዋጉን ቻለ፤ ዩጋንዳ ውስጥ የተገኘውን ዩጂ 99 የተባለውን የግንድ ዋግም ቻለ። በ2006 ግን ሌላ ዓይነት የግንድ ዋግ መጥቶ አርሲና ባሌ ላይ ዲጋሉን አወደመው። ከዚያ ወዲህ «ይሄን ዘር ዋግ አይነካውም» ሲሉኝ «እስከ መቼ?» እላለሁ።

ስለዚህ ማሳዬን ከፍዬ ሁለት ዓይነት ዘር እዘራለሁ። ከባዱ ሥራ ግን አሰሳው ነው። ስንዴው አገዳ መያዝ ሲጀምር ማሳው ውስጥ እገባለሁ። ዳር ቆሞ ማየት ምንም አይጠቅምም፤ ቢጫ ዋግ የሚጀምረው መሀል ላይ፣ እዚህም እዚያም በጥቂት ቦታ ነው። ጎንበስ ብዬ የታችኛውን ቅጠል እገልጣለሁ። በቅጠሉ ርዝመት በመስመር የተሰለፉ ቢጫ ነጠብጣቦች ካየሁ በጣቴ አሻቸዋለሁ። ጣቴ ላይ ቢጫ ዱቄት ከቀረ ዋግ ነው። ማዳበሪያ አንሶት የገረጣ ቅጠል ዱቄት የለውም። ይህን ለጎረቤቶቼ ደጋግሜ አሳያለሁ፤ ቢጫ ባየ ቁጥር ዩሪያ የሚጨምር አለና። ዩሪያ ሲበዛ ደግሞ ዋጉ ይብስበታል።

የግንድ ዋግ የሚመጣው አየሩ ሞቅ ሲል ነው። ቀለሙ ሸክላ ነው፤ የአገዳውን ቆዳ ሰንጥቆ ስለሚወጣ በእጅ ሲዳሰስ ይሻክራል። በእሸት ከደረሰ ፍሬው ይጨማደዳል፣ አገዳውም ይጋደማል።

ምልክቱን ካየሁ ቀን አላሳልፍም። ፕሮፒኮናዞል ያለበትን፣ ቲልት የተባለውን የዋግ መድኃኒት ለሄክታር ግማሽ ሊትር አድርጌ እረጫለሁ፤ ጤዛው ከደረቀ በኋላ፣ ነፋስ ሳይነሳ። ከምንም በላይ የምሳሳለት ከዛላው ሥር ላለው የመጨረሻ ቅጠል ነው፤ ፍሬውን በዋናነት የሚመግበው እሱ ነው። ዋግ የበላው ቅጠል በመድኃኒት አይመለስም፤ መድኃኒቱ የሚያድነው ገና ያልተበላውን ነው።

የዋግ ዱቄት በነፋስ ስለሚሄድ ብቻዬን መርጨቴ አይበቃም። ከአዋሳኞቼ ጋር ተነጋግረን በአንድ ሰሞን እንረጫለን። በአጨዳ ጊዜ ከረገፈው እህል ራሱን አብቅሎ የሚቆየውን ስንዴም አንተወውም፤ ዋጉ እሱ ላይ ተጠግቶ ለመኸር ይደርሳል። ዘንድሮ በበልጉ ዝናብ ብቅ ያለውን አርሰን ገልብጠነዋል። በየአጥሩ ሥር የቀረውን ደግሞ ልጆቹ እየነቀሉት ነው።