ጸሐፊው «ጸ ፊ» የሆነበት ሌሊት

ቱሉ ዲምቱ፣ ማክሰኞ ሌሊት

ዛሬ ማታ ኮምፒውተሬ አንድ ፊደል ዋጠብኝ። «ጸሐፊ» የሚለውን «ጸ ፊ» ብሎ አነበበልኝ። ሐዋሳ «ዋሳ» ሆነች፣ ሐኪሙም «ኪሙ» ሆኖ ቀረ። መጀመሪያ ጆሮዬን ጠረጠርኩ፣ ቀጥሎ ደራሲውን። በመጨረሻ ጥፋቱ ከአንድ ሰዓት በፊት በገዛ እጄ የነካካሁት ነገር መሆኑ ሲገባኝ ብቻዬን ሳቅሁ። ባለቤቴ ከመኝታ ክፍል «ደግሞ ምን አገኘህ በዚህ ሌሊት?» አለችኝ። ላስረዳት ብል ነገሩ ሩቅ ነው የሚጀምረው።

ሥራዬ እርማት ነው። ደራስያንና አሳታሚዎች ጽሑፋቸውን ይልኩልኛል፣ እኔ ፊደል እለቅማለሁ። ይህን ሥራ የያዘ ሰው ዓይኑን ሲያጣ ሰዎች መጀመሪያ የሚሉት «ታዲያ አሁን ምን ልትሠራ ነው?» ነው። የእኔ ሕመም ግላኮማ ነው፤ ዓይንን ከዳር ጀምሮ ይበላል። መሐሉ ለረጅም ጊዜ ደህና ስለሚመስል ሰው የበር መቃን እየገጨም «አያለሁ» ይላል። እኔም ብያለሁ። የሞተ የዓይን ነርቭ አይመለስም፤ ጠብታው የቀረውን ለማቆየት ብቻ ነው። ሐኪሜ ይህን በቀስታ ነገረችኝ፣ እኔም በቀስታ ረሳሁት።

እናም መጀመሪያ የሙጥኝ ያልኩት የስክሪን ማጉያውን ነው። ከዊንዶውስ ጋር አብሮ ይመጣል፤ የዊንዶውስን ቁልፍ ከመደመር ምልክት ጋር ሲጫኑት ይከፈታል። በ200 ፐርሰንት ጀምሬ ዓመት ሳይሞላኝ 800 ደረስኩ። በ800 ፐርሰንት የአማርኛ ረጅም ቃል በአንድ ጊዜ ስክሪን ላይ አይገባም። «እንደሚያስፈልጋቸው» የሚል ቃል ቢመጣ፣ «እንደሚያ»ን አይቼ «ስፈልጋቸው»ን ስፈልግ «እንደሚያ» ከስክሪኑ ወጥታለች። ቀለሙን ገልብጬ ነጭ ፊደል በጥቁር ላይ አደረግሁት፤ ለጥቂት ወራት ጠቀመኝ። ከዚያ አንድ ደራሲ ደወለልኝና በጣም ጨዋ በሆነ ድምፅ፣ አርሜ በላክሁለት ምዕራፍ ውስጥ አንድ አንቀጽ ሁለት ጊዜ ተደግሞ እንደሚገኝ ነገረኝ። አላየሁትም ነበር። ጨዋነቱ ነው የጎዳኝ፤ ቢቆጣኝ እመርጥ ነበር።

በማግስቱ ሰበታ ላለው ጓደኛዬ ደወልኩ። እሱ ከልጅነቱ ጀምሮ ዓይነ ሥውር ነው፤ እዚያው ሰበታ በሚገኘው የዓይነ ሥውራን ትምህርት ቤት ነው ያደገው፣ ብሬልን በጣቱ እንደ ውሃ ይጠጣዋል። እኔ በዚህ ዕድሜ ብሬል ልማር ብሞክር ጣቴ ነጠብጣቡን ሁሉ አንድ አድርጎ ነገረኝ። እሱ ከተማው አንድ ጫፍ፣ እኔ ሌላው ጫፍ፤ በሁለት ታክሲና በአንድ አውቶቡስ ሄጄ ደረስኩ። ኮምፒውተሩን ሲከፍት ድምፁ ቆሎ ምጣድ ላይ ሲንጣጣ ይመስል ነበር። አንድም ቃል አልያዝኩም። እሱ ግን ቡናውን እየጠጣ የኤክሴል ሠንጠረዥ ያነባል።

«ጃውስ ግዛ፣ ሌላ ነገር አትሞክር» አለኝ።

ጃውስ ስክሪን ሪደር ነው፤ ስክሪኑ ላይ ያለውን በድምፅ የሚያነብ ፕሮግራም። ታሪኩንም ነገረኝ፤ ዓይነ ሥውራን ስለሚጠቀሙበት መሣሪያ ሲያወሩ እንደ ዘር ሐረግ ነው የሚቆጥሩት። ቴድ ሄንተር አሜሪካዊ የሞተር ብስክሌት ተወዳዳሪ ነበር። በ1978 እ.ኤ.አ. በመኪና አደጋ ዓይኑን አጣ፣ የኮምፒውተር ሙያ ተማረ፣ ድርጅት አቋቋመ፣ የመጀመሪያው ጃውስም በ1989 እ.ኤ.አ. ከዊንዶውስ በፊት ለነበረው ለዶስ ወጣ። ዊንዶውስ እንኳ ገና በብዙ ሰው ጠረጴዛ ላይ ባልነበረበት ጊዜ ማለት ነው። ጓደኛዬ በሚሠራበት መሥሪያ ቤት ከዎርድና ከኤክሴል ጋር ቀኑን ሙሉ ይውላል። ጃውስ ለእንዲህ ያለው የቢሮ ሥራ የታመነ ነው፤ መሥሪያ ቤቱ ለራሱ ብቻ ላሠራው ፕሮግራም እንኳ ስክሪፕት የሚባል የትእዛዝ ጽሑፍ አዘጋጅቶ እንዲያነብ ማስተማር ይቻላል። ይህን ሁሉ አምናለሁ። ዋጋው ግን ለአንድ ሰው የዘለቄታ ፈቃድ ወደ 1000 የአሜሪካ ዶላር ይጠጋል። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ፣ የምንዛሪው ተመን ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ፣ ይህ በብር ስንት እንደሚሆን ማስላት ያቆምኩት ለጤናዬ ስል ነው። ጓደኛዬ የሚጠቀመው መሥሪያ ቤቱ በገዛው ነው። የእኔ መሥሪያ ቤት ደግሞ እኔ ነኝ።

ሳይገዙ የሚሞክሩበት መንገድ አለ። ጃውስ ያለ ፈቃድ ለ40 ደቂቃ ያነባል፣ ከዚያ ኮምፒውተሩ ጠፍቶ እስኪነሣ ድረስ ዝም ነው። ሁለት ሳምንት በዚህ ኖርኩ። እኛ ሰፈር መብራት የሚሄድበትንና የሚመጣበትን ሰዓት የሚያውቅ ሰው ስለሌለ፣ አንድ ማታ 40 ደቂቃውን ስጠብቅ መብራቱ ቀደመው፣ ሌላ ማታ መብራቱን ስጠብቅ 40 ደቂቃው ቀደመኝ። አንድ ኮምፒውተር ጠጋኝ በፍላሽ «የተከፈተ» ጃውስ ሊጭንልኝ አለ፤ በትንሽ ብር፣ በአምስት ደቂቃ። እምቢ ያልኩት ጻድቅ ስለሆንኩ አይደለም። ዊንዶውስ አንድ ሌሊት ራሱን አድሶ ያ ነገር ቢበላሽ ለማን እደውላለሁ? ድምፁ የጠፋ ስክሪን ሪደር ለእኔ የጠፋ ኮምፒውተር ነው። ጠጋኙ ደግሞ መርካቶ ነው የሚሠራው፤ ቱሉ ዲምቱ ድረስ ለስልክ ጥሪ የሚመጣ ጠጋኝ እስካሁን አላጋጠመኝም።

ከዚያ ወዲያ የምጠይቀው ጥያቄ ተለወጠ። የትኛው ይበልጣል ማለቴን ተውኩና ሌሊት ሲበላሽ ብቻዬን መጠገን የምችለው የትኛውን ነው ማለት ጀመርኩ።

ኤንቪዲኤ የተባለውን ሌላ ስክሪን ሪደር ያገኘሁት እንዲህ ነው። በነጻ ይወርዳል። ማይክል ከረን የተባለ አውስትራሊያዊ ዓይነ ሥውር ወጣት በ2006 እ.ኤ.አ. ጀመረው፣ እንደ እሱ ዓይነ ሥውር የሆነው ጄምስ ቴህ አብሮት ገነባው፤ ሁለቱ የተዋወቁት በልጅነታቸው በዓይነ ሥውራን ልጆች የሙዚቃ ካምፕ ላይ ነው። ኮዱ ክፍት ስለሆነ የትም አገር ያለ ሰው ይነካካዋል። የለመድኩት የጃውስ ጣት ብዙም አልጠፋብኝም፤ ሁለቱም ትእዛዝ የሚቀበሉት ከኢንሰርት ቁልፍ ጋር ነው፣ በሁለቱም ድረ ገጽ ላይ ኤች ስትጫን ከርዕስ ወደ ርዕስ ትዘላለህ። ናሬተር የተባለ የዊንዶውስ የራሱ ስክሪን ሪደርም አለ፤ ኮንትሮል፣ ዊንዶውስና ኢንተር አንድ ላይ ሲጫኑ ይነሣል። እሱን እንደ ስኮርታ ይዤዋለሁ፤ ሌላው ሁሉ ሲፈነዳ አውጥቼ የምገጥመው።

የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት በእንግሊዝኛው ድምፅ ተለማመድኩ፤ ያለ ጆሮ ማዳመጫ። ከግድግዳው ወዲያ ያሉት እትዬ ለባለቤቴ «ፈረንጅ እንግዳ አላችሁ እንዴ? ሌሊቱን ሙሉ ይቆጣል» ብለው ጠየቋት። የጆሮ ማዳመጫ የገዛሁት በማግስቱ ነው።

አማርኛው ሌላ ምዕራፍ ነው። ከኤንቪዲኤ ጋር የሚመጣው ኢስፒክ የተባለው ድምፅ አማርኛ ይችላል፤ ይችላል ስል፣ ጉንፋን የያዘው ሰው ከቆርቆሮ በርሜል ውስጥ ሆኖ ሲያነብ የሚመስል ነው። ማይክሮሶፍት መቅደስና አምሃ ብሎ ስም ያወጣላቸው በጣም የተሻሉ የአማርኛ ድምፆች አሉት፤ በኤጅ ማሰሻ ድረ ገጽ ጮክ ብለው ያነባሉ። ነገር ግን ኢንተርኔት ይፈልጋሉ፣ ለእርማት ሥራ ደግሞ ቁልፍ በተጫንኩ ቅጽበት ፊደሉን የሚነግረኝ ድምፅ ነው የሚያስፈልገኝ። ስለዚህ ከበርሜሉ ሰውዬ ጋር ቀረሁ። ማጥበቅና ማላላት ላይ ግን አልፈርድበትም፤ ጽሑፋችን ራሱ ምልክት የለውም። «ገና አልደረሰም» ላይ ያለችው ገናና «የገና ጨዋታ» ላይ ያለችው ገና ለእሱ አንድ ናቸው፣ እኔ ነኝ በልቤ የማጠብቀውና የማላላው።

የማይነበብ ነገርም ብዙ ነው። በቅርቡ ከአንድ መሥሪያ ቤት የመጣልኝ ደብዳቤ ስካን የተደረገ ፎቶ ስለነበር ኮምፒውተሬ «ባዶ» አለኝ። ደውዬ ጽሑፉን ራሱን እንዲልኩልኝ ብጠይቅ፣ ከዩኒኮድ በፊት በተሠራ ፎንት የተጻፈ ፋይል ላኩልኝ። ዩኒኮድ ኮምፒውተሮች ሁሉ ለእያንዳንዱ ፊደል የሚጠቀሙበት የጋራ ቁጥር ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። በድሮዎቹ ፎንቶች የተጻፈ ግን ለዓይን አማርኛ ይምሰል እንጂ ከሥሩ የላቲን ፊደልና ምልክት ጥርቅም ነው፤ የበርሜሉ ሰውዬ የመሥሪያ ቤቱን ማኅተም የያዘ እርግማን ሲያነብልኝ ዋለ። የትኛውም ስክሪን ሪደር፣ ሺህ ዶላሩም ነጻውም፣ እዚህ ላይ እኩል ነው። ደብዳቤውን ያነበበችልኝ የአሥር ዓመት ልጄ ናት።

ኤንቪዲኤን ፍላሽ ላይ አስቀምጦ በኪስ ይዞ መዞር ይቻላል። ባለፈው ወር ቻርጀሬ ተቃጠለና የግድ የሚላክ ሥራ ነበረኝ። ከፎቃችን ሥር ወዳለው ፎቶ ኮፒ ቤት ወርጄ ፍላሼን ሰጠሁት። «ጋሼ፣ ቫይረስ የለውም?» አለኝ ልጁ። «ከቫይረስ የሚለየው መናገሩ ነው» አልኩት። አስጀመረልኝ፤ የእሱ ኮምፒውተር በእኔ ድምፅ፣ በእኔ ፍጥነት፣ በእኔ አማርኛ ማንበብ ጀመረ። ወረፋ የያዙት ሰዎች ጸጥ አሉ፣ አንዲት ሴት «በስመ አብ» ስትል ሰማሁ። ሥራዬን ልኬ ፍላሼን ነቀልኩ፣ ኮምፒውተሩም ምንም እንዳልሆነ ዝም አለ። ልጁ የ30 ደቂቃ ሒሳቡን ሳይቀንስ ተቀበለኝ። እንዴት ደስ እንዳለኝ።

ወደ ዛሬው ማታ ልመለስ። ለአራሚ ትልቁ ችግር ሞክሼ ፊደላት ናቸው። ሀ፣ ሐ እና ኀ በጆሮ አንድ ናቸው። ኤንቪዲኤ አንድ ፊደል ላይ ቆሜ ቁልፉን ሦስት ጊዜ ስመታ የዩኒኮድ ቁጥሩን ይነግረኛል፤ እናም ለወራት ያረምኩት በቁጥር ነው። ሀ 4608፣ ሐ 4624፣ ኀ 4736። ሰ 4656፣ ሠ 4640። በቄስ ትምህርት ቤት በዱላ የተማርኩትን ፊደል በዚህ ዕድሜዬ እንደ ስልክ ቁጥር ሸመደድኩት። ዛሬ ግን የኔታ ድሮውኑ ስም ሰጥተውልኝ እንደነበር ትዝ አለኝ፤ ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ፣ እሳቱ ሰ፣ ንጉሡ ሠ። ፊደል በድምፅ ብቻ እንዲለይ ያደረጉት ሰዎች ኮምፒውተር አልነበራቸውም።

ኤንቪዲኤ ውስጥ የምልክቶችን አነባበብ ራስህ የምትጽፍበት ቦታ አለ። ለ«ሐ» «ሐመሩ ሐ» ብዬ ጻፍኩ፣ ይህም ፊደል በፊደል ስሄድ ብቻ እንዲነገረኝ አዘዝኩት። የረሳሁት አንድ ነገር ነው፤ ስሙ በማይነገርበት ጊዜ ፊደሉ ራሱ ወደ ድምፁ ይለፍ አይለፍ የሚል ምርጫ አለ፣ እሱ «አይለፍ» ላይ ነበር። ስለዚህ በተራ ንባብ ሐ ከአማርኛ ተባረረች።

ምርጫውን «ሁልጊዜ ይለፍ» ላይ አድርጌ ጸሐፊውን መለስኩት። ለጓደኛዬ ደውዬ ስነግረው «ንጉሡ ሠን ጨምረሃል?» አለኝ መጀመሪያ፣ ቀጥሎ አነባበቡን የጻፍክበትን ፋይል ላክልኝ አለ። ለጃውስ አይሆንም አልኩት፣ የራሱ መዝገበ ቃላት አለው። ትንሽ ዝም ብሎ «ፍላሽ ይዤ እሑድ እመጣለሁ፤ ጃውሴን ግን አልተውም» አለ። አትተው አልኩት።

መብራቱ ከሦስት ሰዓት ጀምሮ የለም። የስክሪኑን ብርሃን ዜሮ ላይ ስላደረግሁት ባትሪው እስካሁን አልከዳኝም፤ ማየት አለመቻል እንዲህ ያለ ጥቅምም አለው። ከፍጥነት መንገዱ መግቢያ የከባድ መኪኖች ድምፅ ይሰማል፣ ከወዲያ ከእርሻው በኩል ጅብ አንድ ጊዜ ጮኾ ተወ። ሐ፣ ኀ፣ ሠ፣ ፀ፣ ዐ፤ አምስት ፊደል በሰባት በሰባት ቤት፣ ሠላሳ አምስት። ሃያ ስምንቱን ጨርሻለሁ። የቀረኝ ፀሐዩ ፀ ነው፤ እሱን ሲነጋ እጽፈዋለሁ።